አሮጌውን ሃርድቶፕ ለዳገትና ለጭቃ ማዘጋጀት

አሮጌ ላንድክሩዘር የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ፓራውልት (የፊት መከላከያ)፣ ስለ ፓውዛ መብራትና ስለ ትልልቅ ጎማ ነው። እኔ ግን ክርክሬ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ መኪናው መጀመሪያ ፋብሪካው እንደሠራው ይሁን፣ ጭማሪው ከዚያ ይመጣል። የላላ መሪ ላይ ትልቅ ጎማ ማሰር አደጋን መጨመር ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ግማሹ ስለ ጥገና፣ የቀረው ስለ ለውጥ ነው። ገንዘባችሁም በዚያው ልክ ቢከፈል ጥሩ ነው።

የምጽፈው በተለይ ስለ ቶዮታ ላንድክሩዘር 70 ነው፤ ከድርጅትና ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጨረታ እየወጣ በየሰፈሩ የምናየው ነጭ ሃርድቶፕ ወይም ፒክአፕ። አብዛኛው 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር አለው። በአዲስ አበባ እሱን የማያውቅ መካኒክ፣ ዕቃውንም የማይሸጥ ሱቅ የመኪና ዕቃ ገበያ በሆነው ሶማሌ ተራ ውስጥ አይገኝም። ፓትሮል፣ ላንድሮቨር ወይም ሱዙኪ ያላችሁም ቅደም ተከተሉን መከተል ትችላላችሁ፣ ዝርዝሩ ይለያያል እንጂ። ጊዜውም ለሚጠግን ሰው የተመቸ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ አዋጅ ያረጁ መኪኖችን ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። እዚሁ ያለውን ማደስ ነው።

1. ከሥር ተኝታችሁ እዩ

ከሁሉ በፊት ሊብሬውን ይዛችሁ የሻንሲ ቁጥሩን አመሳክሩ። በዚህ መኪና ላይ ቁጥሩ የተመታው በቀኝ በኩል፣ ከፊት ጎማው አጠገብ ባለው የሻንሲ ብረት ላይ ነው። ጭቃና ቀለም ከሸፈነው በሽቦ ብሩሽ ቀስ ብላችሁ አጽዱት። ተበይዶ የተስተካከለ ወይም የተፋቀ ከመሰለ ስለ ሌላው ነገር ማሰብ አያስፈልግም፤ ተዉት።

ቀጥሎ ትንሽ መዶሻ ይዛችሁ ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ መታ መታ አድርጉ። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ የዛገው የታፈነ ይሰማል። በተለይ የኋላ ባሌስትራ (መኪናውን የሚሸከመው የተደራረበ ብረት) የሚታሰርበትን፣ የመሪ ሳጥኑ የተያዘበትን ቦታና ከዚህ በፊት ብየዳ የነካውን ሁሉ በእጅ ባትሪ አስተውሉ። ቀጭን ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚታየው በዝገት መስመር ነው፦ ቀለሙ ላይ ፀጉር የምታክል ቡናማ መስመር ካለች ከሥሯ ስንጥቅ አለ። ይህ የሚሠራው በባለሙያ በያጅ ነው፤ ከመበየዱ በፊትም የባትሪው ገመድ ይፈታ፣ ያለዚያ ዲናሞው ሊቃጠል ይችላል።

ሻጩ ሞተሩን አሳጥቦ ካቀረበላችሁ ለጊዜው ምንም አታምኑ። ጥቂት ቀን ነድታችሁ ዘይቱ ከየት እንደሚወጣ እዩ።

2. ሞተሩን ከከፍታው ጋር አስታርቁ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ላይ ነው ያለችው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ወደ ሩብ የሚጠጋውን ያጣል፤ እንጦጦ ላይ ሲወጣ ደግሞ ይብሳል። ይህን ያልተረዳ ሰው «ሞተሩ ደከመ» ብሎ ያልታመመውን ያስፈታል። ኮምፕሬሽን ስታስለኩም አስቡት፤ የጥገና መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ጠለል የተጻፈ ስለሆነ እዚህ ዝቅ ብሎ ይነበባል። ዋናው ነገር ስድስቱ ሲሊንደሮች እርስ በርሳቸው መቀራረባቸው ነው። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከወረደ ያኔ ስለ ፒስተን ፋሻና ስለ ቫልቭ ይወራ።

ጭሱን አንብቡ። ጥቁር ጭስ ናፍጣው ከአየሩ በለጠ ማለት ነው፤ መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አውጥታችሁ እዩ፣ ከዚያ ኢንጀክተሮቹንና ፖምፓውን በሚያስተካክሉት ቤቶች አስመርምሩ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ ነው። ነጭ ጭስ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ከሆነ ሞተሩን ለማስነሣት የሚያሞቀው ካንዴሊታ ሊሆን ይችላል፤ ሞተሩ ሞቆም ካልቆመና ራዲያተሩ ውሃ እየጎደለው ከሆነ ግን ቴስታታውን (የሞተሩን የላይ ክዳን) ወይም ከሥሩ ያለውን ጓርኒሲዮን ጠርጥሩ።

የታይሚንግ ቺንጋው በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል። ዳሽቦርዱ ላይ ጊዜው ሲደርስ የምትበራ ትንሽ መብራት አለች፤ ብዙ መኪና ላይ ግን አምፖሏ ተነቅላለች፣ ኪሎ ሜትሩም ተነካክቷል። ስለዚህ መቼ እንደተቀየረ ወረቀት ካላገኛችሁ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት። ቺንጋውን ስትቀይሩ ማወጠሪያውንም አብራችሁ ቀይሩ፤ ቺንጋው ሽፋን ላይም ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን በቀለም ጻፉ። ቺንጋው ዳገት ላይ ከተበጠሰ ቫልቮቹና ፒስተኖቹ ሊጋጩ ስለሚችሉ ወጪው ከቺንጋው ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

አሁን ወደ ማቀዝቀዣው እንምጣ፤ እዚህ ላይ ከብዙ ጋራዥ ጋር አልስማማም። «ይሞቃል» ሲባል የመጀመሪያው መድኃኒት ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ሆኗል። የዚህ ሞተር ቴርሞስታት ሲከፈት የራዲያተሩን መንገድ ይለቃል፣ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። ካወጣችሁት አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ ከትኩሱ ውሃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። በከተማ መንገድ ችግሩ ላይታይ ይችላል። በፎር ሎው (አራቱም ጎማ በዝቅተኛው ማርሽ) ቀስ እያላችሁ ዳገት ስትወጡ ግን መርፌዋ ትነሣለች።

ሌላው የተናቀ ዕቃ የራዲያተር ክዳን ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ ክፍት ድስት ውስጥ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ግፊት የሚይዝ ደህና ክዳን፣ ለምሳሌ 0.9 የተጻፈበት፣ ይህን ወደ 114 ዲግሪ ያደርሰዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ግፊቱን ይለቃል፤ ሞተሩ ምንም ሳይሆን ውሃው ይፈላል። ስለዚህ ራዲያተር ከመቀየራችሁ በፊት ክዳኑን፣ የውሃ ቱቦ ማኒኮቶዎቹንና የቬንቲላተሩን ቺንጋ ቀይሩ። የቧንቧ ውሃም አይበቃም፤ ኩላንት ግዙ።

ቱርቦ ማስገባት? ቢቀርባችሁ። ይህ ሞተር ለቱርቦ ሙቀት ታስቦ አልተሠራም፣ ቴስታታው ሲሰነጠቅ የሚያተርፈው ሌላ ሰው ነው።

3. ሶማሌ ተራ እንዴት ይገባል

አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። «የላንድክሩዘር ኩሽኔታ» ብሎ በቃል መጠየቅ የሰፈሩን ልጆች ማሯሯጥ ነው። ኩሽኔታም ሆነ የዘይት ሲል ላዩ ላይ ቁጥር አለው፤ ጠርጋችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። የመኪናውን የሞዴል ኮድና የተሠራበትን ዓመትም እወቁ፤ ከ1999 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራው ሃርድቶፕ ፊቱም ኋላውም ባሌስትራ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ፊቱ ሞላ ሆኗል። የፊቱ ዕቃ ሁሉ አንድ አይደለም።

«አለቃ፣ የጃፓን ነው፣ ካርቶኑን እየው!» ይባላል። ካርቶን መርካቶም ይታተማል። ዕቃውን ከካርቶኑ አውጥታችሁ ከአሮጌው ጎን አስቀምጡት፦ የቁጥሩ አጻጻፍ ጥርት ያለ ነው? ኩሽኔታው በጣት ሲዞር ይንጫጫል? የሲሉ ጎማ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል? ለፍሬን፣ ለመሪና ለኩሽኔታ ኦሪጅናል ወይም ስሙ የታወቀ የጃፓን ፋብሪካ ዕቃ ግዙ፤ ለመስኮት እጀታና ለፓራፋንጎ ላሜራ የቻይናው ይበቃል። ከታረደ መኪና የወጣ ዲፈረንሻል ወይም ካምቢዮ ጥሩ ግዢ ሊሆን ይችላል። ደረሰኝ ግን ጠይቁ፤ ቁጥር ያለበትን ሞተር ያለ ሰነድ አትግዙ፣ ነገ ሊብሬው ላይ ማስገባት ሲያቅታችሁ የሚያዝንላችሁ የለም።

4. የፊት ጎማው የሚዞርበት

አሮጌ ላንድክሩዘር ሲፈተሽ አብዛኛው እውነት የሚወጣው ከዚህ ነው፤ ቀስ እንበል።

መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁሙ፣ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ወትፉ፣ አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አንሡና አክሰሉን በጠንካራ የብረት ማቆሚያ ላይ አሳርፉት። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አይገባም። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ገፋ ሳብ አድርጉት። ከተንቀሳቀሰ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥላችሁና ደግማችሁ ሞክሩ። ፍሬን ሲያዝ ንቅናቄው ከጠፋ የላላው የጎማው ኩሽኔታ ነው። ፍሬን ተይዞም ከቀጠለ ችግሩ ወደ ውስጥ ነው፣ ጎማው ግራ ቀኝ የሚታጠፍባቸው የላይና የታች ትንንሽ ኩሽኔታዎች አልቀዋል። ቀጥሎ ግራና ቀኙን ይዛችሁ ሞክሩ፤ ይህኛው የመሪውን ቴስቲናዎች (የዘንጎቹን መጋጠሚያ) ነው የሚያሳብቀው።

አሁን ከጎማው ጀርባ ያለውን ክብ፣ ኳስ የመሰለ ብረት በጣታችሁ ጥረጉት። ስስ የግሪስ ሽፋን ካለው ደህና ነው። ጣታችሁ ላይ የሚንጠባጠብ፣ የዲፈረንሻል ዘይት የሚሸት ቀጭን ጥቁር ፈሳሽ ካገኛችሁ ግን የውስጥ የዘይት ሲሉ አልቋል። ዘይቱ ከዲፈረንሻሉ እየወጣ ግሪሱን ያጥበዋል፤ ቆይቶም ፍሬን ላይ ይደርሳል። ብዙ ሰው ከውጭ ጠርጎ ግሪስ ይጨምርና ይሸጠዋል።

ሥራው ከባድ ባይሆንም ቆሻሻ ነው። ፍሪ ዊሉ (የፊት ጎማውን ከአክሰሉ ጋር የሚቆልፈው)፣ ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት)፣ ፍሬኑ ይፈታል፤ አክሰሉ ይወጣል፤ ሁሉም በናፍጣ ይታጠባል። በቤንዚን አትጠቡ፣ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። ፎር ዊል አስገብታችሁ መሪ ሙሉ ስታዞሩ «ቀጭ ቀጭ» ይል የነበረ ከሆነ የአክሰሉ መጋጠሚያ ተበልቷል፣ ይቀየር። ሲሎቹ ሁሉ አዲስ ይሁኑ። ክቡን ብረት ሞሊብደነም ባለበት ግሪስ ሦስት አራተኛውን ሙሉት፤ የጎማ ኩሽኔታዎቹን ደግሞ ግሪሱ በሌላኛው በኩል እስኪወጣ ድረስ በመዳፍ እየገፋችሁ አጥግቧቸው።

ዳዶውን ስታስሩ ሞዞውን በእጃችሁ እያዞራችሁ ጠበቅ አድርጉ፣ መልሳችሁ አላሉት፣ ከዚያ ንቅናቄው እስኪጠፋ ብቻ በስሱ አጥብቃችሁ መቆለፊያ ሮንዴላዋን እጠፉ። «ጠበቅ ይበል» የሚል መካኒክ ኩሽኔታውን ያቃጥለዋል። የተወሰነ ርቀት ከነዳችሁ በኋላ ሞዞውን በእጃችሁ ያዙት፦ ለብ ያለ ጤናማ ነው፣ እጅ የማያስነካ ከሆነ በጣም ጠብቋል።

5. ፍሬን

የፍሬን ዘይት እርጥበት ይጠጣል፤ በሁለት ዓመት አንዴ ሙሉ በሙሉ ይቀየር። ከእንጦጦ ቁልቁል ስትወርዱ ፍሬኑ ግሎ የጠጣው ውሃ ወደ እንፋሎት ከተለወጠ ፔዳሉ እስከ ወለል ይገባል። የጎማ ቱቦዎቹን አጥፋችሁ እዩ፣ ከተሰነጣጠቁ ይቀየሩ። የኋላውን ታምቡር ከፍታችሁ የፍሬን ሸራውን ውፍረትና የዘይት ጠብታ መኖሩን ተመልከቱ።

ብዙ ጋራዥ የሚረሳት አንዲት ዕቃ አለች። ከሻንሲው ወደ ኋላ አክሰል የምትወርድ ቀጭን ዘንግ ናት፤ የጭነቱን መጠን እያየች ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት ትመጥናለች። መኪናው ባሌስትራ ተጨምሮለት ከፍ ሲል ዘንጓ «መኪናው ባዶ ነው» ብላ ታስብና የኋላውን ፍሬን ትቀንሳለች። መኪናውን ካሳደጋችሁ የዚህችን ማሰሪያ በዚያው ልክ ማስተካከል የግድ ነው።

6. ባሌስትራና ከፍታ

መኪና ከፍ ማድረግ ሱስ አለው። ለኛ ኮረኮንች 5 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ከዚያ ካለፈ የትራስሚሲዮኑ (ጉልበቱን ወደ አክሰሉ የሚወስደው ዘንግ) ማዕዘን ይበላሻል፣ መጋጠሚያው ክሮቼራ ቶሎ ቶሎ ያልቃል፣ መኪናውም በጎን ተዳፋት ላይ የመገልበጥ ዝንባሌው ይጨምራል።

በከተማችን የተለመደው ዘዴ ከጭነት መኪና የወጣ ቅጠል ባሌስትራ መጨመር ነው። ርካሽ ነው፣ መኪናውም ወዲያው ቀና ይላል። ነገር ግን ጠንካራ ባሌስትራ አይተጣጠፍም፤ ጎማው ጉድጓዱን ተከትሎ መውረድ ሲገባው አየር ላይ ይንጠለጠላል። አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ አይገፋም። ሁልጊዜ ሲሚንቶ ካልጫናችሁ በቀር ወይ ለዚሁ መኪና የተሠራ ሙሉ ስብስብ ግዙ፣ ወይ የራሱን ቅጠሎች አስፈትታችሁ አሳጥባችሁ፣ የተሰበሩትን ቀይራችሁ፣ በጥሩ ባለሙያ ቅስታቸውን አስመልሱ። ጎሚኒዎቹ (መጋጠሚያው ውስጥ ያሉት ጎማዎች) በሙሉ አዲስ ይሁኑ።

አክሰሉን ከባሌስትራ ጋር የሚያስሩት ዩ ቦልቶች ተፈትተው ተመልሰው አይታሰሩም፣ አንዴ ስለተሳቡ አዲስ ግዙ።

ከፍ ካደረጋችሁ በኋላ መሪው ከታጠፈ በራሱ የማይመለስ፣ መኪናውም ቀለበት መንገድ ላይ የሚቅበዘበዝ ከሆነ የፊት አክሰሉ ዘንበል ማለት ያለበትን ያህል አልዘነበለም ማለት ነው። ባሌስትራና አክሰል መሃል የምትገባ ጥቂት ዲግሪ ያላት የብረት ሽብልቅ ታስተካክለዋለች፤ ቶርኖ ቤት ያወጧታል። ሾኩና የፍሬን ቱቦው ርዝመትም ከአዲሱ ከፍታ ጋር ይመጣጠን። ለማረጋገጥ አንዱን ጎማ ትልቅ ድንጋይ ላይ አውጡና ተቃራኒው ጎማ ሙሉ ሲወርድ ቱቦው ተወጥሮ እንደሆነ ከሥር እዩ።

7. ጎማ

ጭቃ ውስጥ መኪናውን የሚያወጣው ጎማ ስለሆነ እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ፤ መጠኑን ግን አታጋኑ። ድሮ የሚመጣው 7.50 በ16 ነው። 235/85 በ16 ቁመቱ ከእሱ ጋር ሊባል በሚችል ደረጃ እኩል ነው፣ ሁለቱም 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ፤ ለጠባብ የገጠር መንገድና ለጭቃ ይህ ቀጭን ረጅም ጎማ ይስማማኛል። 285/75 በ16 ከተገጠመ ቁመቱ ወደ 83 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፣ የፍጥነት መቆጣጠሪያው ከእውነቱ ያነሰ ማንበብ ይጀምራል፣ እዚህ ከፍታ ላይ የደከመው ሞተርም ሌላ ሸክም ይጨመርበታል።

ቸርኬያችሁ (ጎማው የሚቀመጥበት ብረት) ባለ ቀለበት ከሆነ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በከላማዳሪ (በውስጥ ጎማ) የሚሠራው ይህ ቸርኬ ቀለበቱ በትክክል ሳይቀመጥ ከተነፋ ቀለበቱ ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል። ጎሚስታው በብረት ቀፎ ውስጥ ወይም ቢያንስ ቀለበቱን ወደ መሬት አዙሮና በሰንሰለት አስሮ እንዲነፋ ንገሩት። «ስንት ዓመት ሠርቻለሁ» ካላችሁ ሌላ ጎሚስታ ፈልጉ።

በአስፋልት 40 ፒኤስአይ አካባቢ የሚነዳ ጎማ ኮረኮንችና ድንጋይ ላይ ወደ 25 ቢወርድ መያዣው ይሻሻላል፣ ሰውም መኪናውም እፎይ ይላል። ከላማዳሪ ያለው ግን ከዚህ ብዙ አይውረድ፤ ጎማው ቸርኬው ላይ ይንሸራተትና የቫልቩን አንገት ይቆርጠዋል። ስትመለሱ የምትነፉበት በባትሪ የሚሠራ መንፊያ ያስፈልጋችኋል፤ በለሰለሰ ጎማ አስፋልት ላይ መብረር ጎማውን አግሎ ያፈነዳዋል።

8. ውሃና አቧራ

ዲፈረንሻሎቹ፣ ካምቢዮውና የፎር ዊል ማርሽ ሳጥኑ እያንዳንዳቸው የሚተነፍሱባት ትንሽ ቀዳዳ አላቸው። ከአስፋልት ላይ ግሎ የመጣ አክሰል ወንዝ ውስጥ ሲገባ የውስጡ አየር በድንገት ይቀዘቅዛል፣ ይሰበሰባል፣ በዚያች ቀዳዳ ውሃ ይስባል። ርካሽ የናፍጣ ቱቦ ገዝታችሁ ከእያንዳንዷ እስከ ሞተር ክፍሉ ላይኛ ጫፍ ሳቡ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ፊልትሮ አስገቡ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ከማንኛውም መብራት ይበልጥ ይጠቅማል።

ስኖርክል (አየሩን ከጣሪያ ከፍታ የሚስብ ቱቦ) ካስገጠማችሁ ከሞተሩ እስከ አፉ ያለው መስመር ምንም አየር ማስገባት የለበትም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ሞተሩ በራሱ እየዞረ የስኖርክሉን አፍ በጠፍጣፋ ጎማ ወይም በሰሌዳ ድፈኑት። ሞተሩ ታፍኖ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ የሆነ ቦታ አየር እየሳበ ነው፤ አየር የገባበት ውሃም ይገባበታል። የላላ ማሰሪያ ወይም የተሰነጠቀ ማኒኮቶ ፈልጉ። ወንዝ ባትሻገሩም ስኖርክል በበጋ አቧራ ለፊልትሮው እረፍት ይሰጠዋል።

9. መብራትና ሽቦ

አጭር ምክር፦ መጀመሪያ የቆዩትን አላርም፣ የተቆራረጠ ቴፕና የማይታወቅ ሽቦ ሁሉ አስነቅሉ። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ መብራት ሪሌ ይኑር፤ ፊውዙ ደግሞ ባትሪው አጠገብ ይሁን እንጂ መብራቱ አጠገብ አይሁን። ባትሪው 12 ወይስ 24 ቮልት እንደሆነ ሳታረጋግጡ ምንም አትግዙ፤ ሁለቱም አሉ።

10. መጎተቻ

የፊት ፓራውልት ስታሠሩ ውበቱን ተዉና ከሻንሲው ጋር በስንት ብሎን እንደሚያያዝ ጠይቁ። መጎተቻ መንጠቆው በጠንካራ ብሎኖች በቀጥታ ሻንሲው ላይ ይታሰር። መኪናውን በመርከብ ላይ ለማሰር ፋብሪካው የሰጣትን ቀጭን ቀለበት ለመጎተቻ አትጠቀሙባት፣ ትበጠሳለች። ካቦ ሲሳብ ሰዎችን በሩቅ አቁሙ፣ መሃሉ ላይም ወፍራም ጃኬት ወይም ጆንያ ጣሉበት፤ ቢበጠስ ጉልበቱን ያበርደዋል። ዊንች ከሌላችሁ ችግር የለም። አካፋ፣ ሁለት ወፍራም ሳንቃ፣ ጠንካራ ገመድና ሌላ መኪና ያለው ጓደኛ ይበቃሉ። ጣሪያው ላይ ባለው ፖርቶመጋላ ከባድ ዕቃ አትጫኑ፣ ከባዱ ሁሉ ወለሉ ላይ ይሁን። ናፍጣም ሳትሞሉ አትውጡ፤ በጀሪካን የሚቀዳላችሁ ማደያ ማግኘት ቀላል አይደለም።

11. ሰነዱ

ሞተር ወይም ቀለም ከተቀየረ ሊብሬው ላይ መስፈር አለበት። ለቦሎ ምርመራ ስትሄዱ ከአካሉ የወጣ ጎማ፣ ዓይን የሚወጋ ተጨማሪ መብራት፣ የሚያጨስ ሞተር መመለሻ ምክንያት ይሆናሉ። ፓውዛዎቹን ከተማ ውስጥ ሽፋን አልብሷቸው።

12. ሙከራ

ሩቅ አትሂዱ። ጠዋት በማለዳ፣ ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ውጡ። አስፋልት ቢሆንም ሙቀቱን፣ ጭሱንና ፍሪሲዮኑን ለመፈተን ከዚህ የተሻለ ዳገት ከመሃል ከተማው አጠገብ የለም። የሙቀት መርፌዋ ወጥታ እዚያው ከቆመች ደህና ነው፤ ዳገቱ ሳያልቅ መውጣቷን ከቀጠለች ተመልሳችሁ ማቀዝቀዣውን እዩ። ቁልቁል ስትመለሱ ማርሹን ዝቅ አድርጋችሁ በሞተሩ ያዙት፣ ፍሬኑን በየመሃሉ ብቻ ንኩ። ፎር ዊሉን ደረቅ አስፋልት ላይ አትሞክሩ፤ የፊትና የኋላው ማርሽ እርስ በርሱ ይወጠራል። አፈርና ጠጠር ስታገኙ ሁለቱንም ፍሪ ዊል ቆልፋችሁ፣ ፎር ሎው አስገብታችሁ ቀስ በሉ።

ከዚያ በኋላ ወደ ሱሉልታ ሜዳ ወይም ወደ ዝቋላ ማሰብ ይቻላል። የዝቋላን አቀበት ለመሞከር የምታስቡ ከመጋቢት 5 እና ከጥቅምት 5 ራቁ፤ የአቦ ንግሥ ስለሆነ መንገዱ የእግረኛ ነው። የትም ስትወጡ የመንገዱን ሰላም አስቀድማችሁ ከአካባቢው ሰው ጠይቁ። በክረምት ደግሞ ጥቁሩን መረሬ አፈር ተዉት። የትኛውም ጎማ ጥርሱ በአንድ ዙር ይደፈናል፣ የምታበላሹትም የገበሬውን መንገድ ነው፤ መንገዱ ጠፋ ብላችሁም ማሳ ውስጥ አትግቡ።

በመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር ላይ ዩ ቦልቶቹንና የጎማ ዳዶዎቹን ደግማችሁ አጥብቁ፤ አዲስ ባሌስትራ ሲረጋ ይላላሉ። ውሃ ከተሻገራችሁ በማግሥቱ፣ መኪናው ሌሊቱን ከቆመ በኋላ፣ የሁለቱንም ዲፈረንሻል የታችኛ ብሎን ትንሽ ፈታ አድርጋችሁ ጠብታውን እዩ። መጀመሪያ ንጹሕ ውሃ ከወጣ ወይም ማኪያቶ የመሰለ ዘይት ከመጣ ሁሉንም አፍስሳችሁ አዲስ 90 ዘይት ሙሉ፣ ቱቦው የት ላይ እንደተነቀለም ፈልጉ።